ቀለበትሽን አውልቂ

የታናሽ እህቴን ሽንት የመረመርኩት እኔው ነኝ። የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ፤ በሥራው ዘጠነኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ስትሪፑን ነክሮ ማውጣት፣ ትርፉን በኩባያው ጠርዝ ማንጠባጠብ፣ አንድ ደቂቃ መጠበቅ፣ ከዚያ ጠርሙሱ ላይ ካለው የቀለም ሰንጠረዥ ጋር ማስተያየት። እጄ ለምዶታል። ሽንቱ ውስጥ ፕሮቲን ከሌለ ወረቀቱ ቢጫ እንደሆነ ይቀራል። ካለ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። የእህቴ ግን ደቂቃው ሳይሞላ ጠቆረ። አራት ፕላስ የምንለው፣ ሰንጠረዡ መጨረሻ ላይ ያለው ቀለም።

ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ሌላ ስትሪፕ አወጣሁ። ያው ሆነ። ኩባያውን ወደ ብርሃን ሳነሳው አፉ ላይ አረፋ ተቋጥሯል፤ ቆይቶም የማይጠፋ፣ የጠላ አረፋ የመሰለ። እሷ ውጭ ወንበር ላይ ተቀምጣ ስልኳን ትነካካለች። በመስኮቱ አየኋት። ያበጠ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈን አድርጋዋለች።

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት አልፎታል። አሁን ደህና ናት። ከዚያ ቀን በኋላ የተጠየቀች አንዲት ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ ትከተለኛለች።

እብጠቱ የጀመረው ከዓይኗ ሥር ነበር። ጠዋት ስትነሳ አብጣ ትነሳለች፤ ከሰዓት በኋላ ይቀልላታል። እናታችን "ምች መቷት ነው" ብላ ዳማከሴ ጨምቃ ቀባቻት። ሳምንት ሳይቆይ እግሯ ጀመረ። በጣት ሲጫኑት ጎድጎድ ብሎ ይቀራል። ሰፈር ውስጥ ያለ ክሊኒክ ሄደች። የሽንት ቱቦ ኢንፌክሽን ነው ተብላ አንቲባዮቲክ ተሰጣት። እሱን ጨርሳ ሌላ ክሊኒክ ሄደች። እዚያ ደግሞ አለርጂ ነው አሏት። ሁለቱም ጋ ምን እንደምትበላ ጠይቀዋታል። ምን እንደምትቀባ የጠየቃት የለም።

እኔም አልጠየቅኳትም። ካገባች ስምንት ወሯ ነበር። ቀለበቷ ጣቷ ላይ አለመኖሩን አይቼ "የት ጣልሽው?" ስላት፣ "እጄ አብጦ እምቢ ብሎኝ ነው እትዬ" አለችኝ። አመንኳት። እጇ በእርግጥም አብጦ ነበር።

"ልጄ፣ ፊትሽን ምን ትቀቢያለሽ?"

የላክናት የኩላሊት ሐኪም ጠና ያሉ ሴት ናቸው። ውጤቱ ሁሉ ፊታቸው ነበር። ፕሮቲኗ በሽንት እየፈሰሰ ነው። ደሟ ውስጥ ያለው አልቡሚን የሚባለው ፕሮቲን ወርዷል፣ ኮሌስትሮሏ ወጥቷል። ኔፍሮቲክ ሲንድረም ይባላል። የኩላሊት ማጣሪያዎች ማስቀረት ያለባቸውን ፕሮቲን ሲያሳልፉት ማለት ነው። በደም ውስጥ ውሃ የሚይዘው እሱ ስለሆነ፣ እሱ ሲያልቅ ውሃው ወደ ሥጋ ይወጣል፤ ሰው ያብጣል። ይህን አውቀዋለሁ። ያልገባኝ ለምን የሚለው ነበር። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ስኳር የለባትም፣ ግፊት የለባትም።

ዶክተሯ ወረቀቱን ብዙ አላዩትም። እጇን ያዙ። ጣቶቿን ዘርግተው መገጣጠሚያዎቹን በአውራ ጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉ። ያን ጊዜ እኔም አየሁ። የእጇ ጀርባ ቀልቷል፤ የጣቶቿ አንጓዎች ግን ጥቁር ናቸው። ፊቷ በርቷል፤ ጆሮዋና የጆሮዋ ሥር የድሮ መልኳ ነው። ስንት ወር ሙሉ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ቡና ጠጥቻለሁ። ልብ ብዬው አላውቅም።

"ልጄ፣ ፊትሽን ምን ትቀቢያለሽ?"

እህቴ ዶክተሯን አላየችም። ያየችው እኔን ነው።

"ቫዝሊን" አለች።

"እሺ። ሌላስ?"

ዝም አለች። ዶክተሯም ዝም አሉ። አልተቆጡም፣ አልቸኮሉም፣ ሰዓታቸውን አላዩም። ውጭ ኮሪደሩ ላይ ተራ የሚጠብቅ ሕዝብ አለ። እሳቸው ግን እጇን እንደያዙ ጠበቁ። ከዚያ "እኔ ልቆጣሽ አይደለም የምጠይቅሽ። መድኃኒቱን ለመምረጥ ስለሚያስፈልገኝ ነው" አሏት።

በመጨረሻ ተናገረች። ለማድያት ብላ ነው የጀመረችው። ሠርጓ አራት ወር ሲቀረው። ነጭ ብልቃጥ ነው፤ ስም የለውም፣ ጽሑፍ የለውም። ፀጉሯን የምትሠራላት ሴት ናት የምትቀላቅለው። "ከዱባይ የመጣ ነው" ተብላለች። መጀመሪያ ፊቷን ብቻ፣ ቀጥሎ አንገቷን። ቬሎው እጅጌ የለውም ሲባል ክንዷንም። ከሠርጉ በኋላ ደግሞ ማቆም ፈራች። ብታቆም መልኳ ተመልሶ ይጠቁራል፣ ባሏም ያውቃል።

"ስትሸጥልሽ ተጠንቀቂ ያለችሽ ነገር አለ?"

"ፀሐይ እንዳይነካኝ። ደግሞ ስትቀቢ ቀለበትሽን አውልቂ፣ ወርቁን ያበላሸዋል አለችኝ።"

ዶክተሯ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

ወርቅን የሚያበላሽ ክሬም። እኔ ራሴ ኬሚስትሪ ተምሬያለሁ። ሜርኩሪ፣ የድሮ ሰዎች ባዜቃ የሚሉት፣ ወርቅ ካገኘ ይዋሃደዋል፤ ያነጣዋል። በባህላዊ መንገድ ወርቅ የሚያወጡ ሰዎች የሚጠቀሙበትም ለዚህ ነው። የወርቁን ብናኝ ከአሸዋው ለቅሞ ይይዝላቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም የሜርኩሪ ክሬም መለያ ምልክት ብሎ ከሚጠቅሳቸው አንዱ ይኸው ነው፤ "ከወርቅ፣ ከብር፣ ከአሉሚኒየም፣ ከጎማ ጋር አታነካኩ" የሚል ማስጠንቀቂያ። ስምንት ወር ሙሉ ለቀለበቷ ተጠንቅቃለች። ቀለበቱ ቤት ውስጥ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ደህና ተቀምጧል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እህቴ በሽታዋን አልደበቀችም። ሦስት ሐኪም ጋ ሄዳለች፤ ልብሷን ከፍታ እግሯን አሳይታለች። የደበቀችው ክሬሙን ነው። ከዶክተር ይልቅ የደበቀችው ደግሞ ከእኔ ነው።

ለምን ከእኔ? ቤት ስንሄድ ታክሲ ውስጥ ነገረችኝ። ሽማግሌ በተላከ ሰሞን ቤታችን መጥቼ፣ ገና ከበር ሳልገባ "ምነው እንዲህ ጠቆርሽ? ለሙሽራ ይሆናል እንዴ!" ብያት ነበር። እኔ አላስታውሰውም። ሰላምታ ነው እኮ። ጠቆርሽ፣ ከሳሽ፣ ወፈርሽ፣ ቀላ ብለሻል አምሮብሻል። እየተባባልን ነው የኖርነው። እሷ ግን ያን ቀን የለበስኩትን ሹራብ ቀለም ጭምር ታስታውሳለች።

ከናይሮቢ እስከ ኬረላ

ያን ሌሊት አልተኛሁም። ስልኬ ላይ ሳነብ ነጋ።

ናይሮቢ፣ ኬንያታ ብሔራዊ ሆስፒታል። በ1972 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ሐኪሞቹ ኔፍሮቲክ ሲንድረም ይዟቸው የተኙ 60 ሰዎችን መረመሩ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቆዳ የሚያቀላ የሜርኩሪ ክሬም ተጠቃሚ ሆነው ተገኙ። ክሬሙን ሲያቆሙ የተሻላቸውም ነበሩ። ይህን ሳነብ መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው። ናይሮቢ እኮ ጎረቤት ናት። ነገሩ ከታወቀ ደግሞ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ ስለ ሽንት ፕሮቲን ተምሬ፣ ተፈትኜ ወጥቻለሁ። የፊት ክሬም የሚል ቃል ግን ከኩላሊት ጋር ተያይዞ አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ሲነሳ ሰምቼ አላውቅም።

ቀጥዬ ሕንድ ደረስኩ። በደቡብ ሕንድ በኬረላ ግዛት አንድ ሆስፒታል ውስጥ የሚሠሩ የኩላሊት ሐኪሞች አንድ ነገር አጠራጠራቸው። ሜምብረነስ ኔፍሮፓቲ የሚባል፣ የማጣሪያው ግድግዳ ላይ የሚከሰት በሽታ ያለባቸው ወጣቶች እየበዙባቸው መጡ። ከ2021 አጋማሽ እስከ 2023 ካዩአቸው 22 ታማሚዎች 15ቱ ኔል-1 የሚባለው ዓይነት ተገኘባቸው። በተለምዶ ይህ ዓይነት እንዲህ አይበዛም። ሐኪሞቹ ጠየቁ። ከ15ቱ 13ቱ ፊት የሚያቀላ ክሬም እንደሚቀቡ አመኑ።

ጠየቁ። ናይሮቢም ጠየቁ። እኔን የያዘኝ ይህ ነው። ባዮፕሲው፣ ከኩላሊት ተቆርጦ የሚመረመረው ናሙና፣ የማጣሪያውን ግድግዳ ያሳያል። የእኔ ስትሪፕ ፕሮቲኑን ያሳያል። ሁለቱም የመታጠቢያ ቤቱን መደርደሪያ አያሳዩም። እዚያ የሚያደርሰው አፍ ብቻ ነው። አፍ ደግሞ የሚከፈተው ማን እንደሚሰማው ሲያውቅ ነው።

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ባጭሩ ልንገራችሁ። የቆዳችንን ቀለም፣ ሜላኒንን፣ የሚያመርት ኢንዛይም አለ። ሜርኩሪ ሥራውን ያግደዋል፤ ቆዳው ይፈካል። ስለዚህ ክሬሙ ውሸት አይደለም። ይሠራል፣ ለዚህም ነው የሚሸጠው። ግን የተቀባው ሁሉ ቆዳ ላይ አይቀርም። ወደ ደም ይገባል፣ ከደም ደግሞ ኩላሊት ውስጥ ይጠራቀማል። ሁለቱ ኩላሊቶቻችን በየቀኑ 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ያጣራሉ። እያንዳንዳቸው አንድ ሚሊዮን ገደማ ማጣሪያ አላቸው። ሰውነት የተመረዘውን ሥጋ እንደ ባዕድ ቆጥሮ ራሱ ማጥቃት ሲጀምር ማጣሪያው ይሸነቆራል። አንድ ቀን ተቀብቶ ማግስቱን የሚመጣ ነገር አይደለም። ወራት ይፈጃል። ስለዚህ ሰው በሽታውን ከክሬሙ ጋር አያያይዘውም፤ ፊቷ በርቶ ሰው ሁሉ "አማረብሽ" ባላት ሰሞን ነው ኩላሊቷ ማፍሰስ የሚጀምረው።

ሕግ የለም እንዳትሉ። ሚናማታ የሚባለው ዓለም አቀፍ የሜርኩሪ ስምምነት በ2013 ጸድቆ በ2017 ሥራ ላይ ውሏል። መጀመሪያ የከለከለው ከሚሊዮን አንድ እጅ በላይ ሜርኩሪ ያለበትን መዋቢያ ነበር። በ2023 ደግሞ አገራት ተሰብስበው፣ ከ2025 በኋላ ሜርኩሪ የተጨመረበት መዋቢያ ጨርሶ እንዳይመረት፣ እንዳይገባ፣ እንዳይወጣ ተስማሙ። ገበያው ግን ሌላ ነው። በ2019 በሜርኩሪ ላይ የሚሠሩ ድርጅቶች ከተለያዩ አገሮች ገዝተው ካስመረመሯቸው 158 ክሬሞች ከ90 በላይ የሚሆኑት ከልክ በላይ ሆነው ተገኝተዋል። ከሚሊዮን አንድ እጅ የተፈቀደበት ነገር አንዳንዱ ላይ ከ130,000 አልፏል። ይህ ከመቶ 13 ማለት ነው። እነዚህ እንግዲህ ስም ያላቸው፣ የታሸጉት ናቸው። የእህቴ ብልቃጥ ላይ የሚነበብ ነገር ቢኖርማ "ካሎሜል"፣ "ሜርኩሪክ"፣ "ሜርኩሪዮ"፣ "አሞኒዬትድ ሜርኩሪ" የሚሉትን ስሞች እፈልግ ነበር። ባዶ ነጭ ፕላስቲክ ነው።

ሊነጋ ሲል ያነበብኩት ከሁሉም የባሰ አስደነገጠኝ። በ2010 በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያና በቨርጂኒያ፣ ከሜክሲኮ የመጣ ክሬም የሚጠቀሙ አምስት ቤተሰቦች ተመርምረው ነበር። በአምስቱ ቤት 22 ሰዎች ላይ ሜርኩሪ ተገኘ። ክሬሙን ነክተውት የማያውቁ ሰዎችም አሉበት፤ ሕፃናትም ጭምር። በፎጣ፣ በአንሶላ፣ በእጅ፣ በአየሩ ይተላለፋል። ስልኬን አስቀምጬ ወደ መኝታ ቤት ሄድኩ። የስድስት ዓመት ልጄ ተኝታለች። እሷ ቅዳሜ ቅዳሜ አክስቷ ጋ ነው የምታድረው። አንድ ትራስ ላይ፣ ፊቷን አክስቷ አንገት ሥር ቀብራ።

ጠዋት ሽንቷን ወሰድኩ። ፕሮቲን የለም፤ ቢጫ ነው። ይህ ሜርኩሪ የለም ማለት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ የእኔ ስትሪፕ ሜርኩሪን አይለካም። ቢሆንም ያንን ቢጫ ቀለም እያየሁ አለቀስኩ።

እትብት

ዶክተሯ ያን ቀን ሌላም ጥያቄ ጠይቀዋት ነበር። "የመጨረሻ የወር አበባሽ መቼ መጣ?" እኔ ለፎርሙ የሚሞሉት መስሎኝ ነበር። በኋላ ገባኝ። ከኩላሊቷ የሚፈሰውን ፕሮቲን ለመቀነስ ያዘዙላት ኢናላፕሪል ነው። ይህ መድኃኒት ለኩላሊት ጥሩ ነው፤ ሆድ ውስጥ ያለን ፅንስ ግን ይጎዳል፣ የፅንሱን ኩላሊት ራሱን። ስለዚህ ሽንቷ እስኪጠራ ድረስ እንዳታረግዝ ነገሯት። እህቴ ራሷን ነቀነቀች። ቤት ስትገባ የጠበቃት ግን የአማቷ ስልክ ነው፤ "ምነው እስካሁን? ደህና አይደለሽም እንዴ ልጄ?"

ሜርኩሪና ማህፀን ከተባለ ሚናማታን መዝለል አይቻልም። ስምምነቱ ስሙን የወሰደው ከዚያ ነው። በደቡብ ጃፓን፣ በኪዩሹ ደሴት ያለች የዓሣ አጥማጆች ከተማ ናት። ቺሶ የሚባል ፋብሪካ ሚቲልሜርኩሪ የሚባለው የሜርኩሪ ዓይነት ያለበትን ቆሻሻ ወደ ባሕሩ ይለቅ ነበር። ዓሣው ተመረዘ፣ ዓሣውን የበላው ሰው ተመረዘ። በሽታው በይፋ የታወቀው በግንቦት 1956 ነው። የእኔን ትኩረት የወሰደው ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ዓሣ በልተው የማያውቁ ሕፃናት ታመው ይወለዱ ጀመር። ያን ጊዜ ሐኪሞች የእንግዴ ልጅ መርዝን አያሳልፍም ብለው ያምኑ ነበር። ስለዚህ እነዚህ ልጆች ሌላ በሽታ ነው ያለባቸው ተባለ።

ሐራዳ ማሳዙሚ የሚባል ወጣት ሐኪም እየዞረ ቤት ለቤት ይጠይቅ ነበር። አንዲት እናት ሁለት የታመሙ ልጆች አሏት። ትልቁ ዓሣ በልቶ ነው የታመመው ተብሏል። ትንሹ ዓሣ አልበላምና የእሱ ሌላ ነው ተብሏል። እናትየው ለሐራዳ ነገረችው። እኔ በላሁ፣ መርዙ እሱን አገኘው የሚል ነው ሐሳቧ። ሐኪሞቹ ሁሉ ያላወቁትን እሷ ታውቀው ነበር። በ1962 መጨረሻ 16 ሕፃናት ሆድ ውስጥ ሳሉ እንደተመረዙ በይፋ ታመነ። ብዙዎቹ እናቶች ራሳቸው ያን ያህል አልታመሙም ነበር።

ጃፓኖች የልጃቸውን እትብት አድርቀው በትንሽ ሳጥን የማስቀመጥ ልማድ አላቸው። ሐራዳ በኋላ እነዚያን እትብቶች ሰብስቦ አስመረመረ። ሜርኩሪው እዚያ ውስጥ ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ፣ በየቤቱ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ።

እኛ እትብት እንቀብራለን። "እትብቴ የተቀበረበት" እንላለን አገራችንን ስንጠራ። የእህቴና የእኔ እናታችን ግቢ ውስጥ፣ ከጌሾው ሥር ነው። ያን ታሪክ ካነበብኩ በኋላ ያ ቃል ሲነገር ስሰማ ሌላ ነገር ትዝ ይለኛል። እትብት የሚያሳልፈው ምግብ ብቻ አይደለም።

ላስፈራራ አልፈልግም፤ ስለዚህ በትክክል ልበለው። ክሬም ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ያለው ሜርኩሪ የሚናማታው ዓይነት አይደለም። ኢንኦርጋኒክ ይባላል፤ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ኩላሊትን ነው፣ የእንግዴ ልጁም ከሚቲልሜርኩሪው የበለጠ ይይዘዋል። ግን ሁሉንም አይይዝም፤ በጡት ወተትም ያልፋል። የባሰውም አልፎ አልፎ ክሬም ውስጥ ይገኛል። በ2019 በካሊፎርኒያ፣ በሳክራሜንቶ አንዲት ሴት ሚቲልሜርኩሪ የተጨመረበት ክሬም ተቀብታ መናገርና መራመድ አቅቷት ሆስፒታል ገብታለች። ስም በሌለው ብልቃጥ ውስጥ የትኛው እንዳለ የሚያውቅ የለም። ሻጯም አታውቅም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር፤ "ምነው እስካሁን" የሚለው ጥያቄ እኛ አገር ሁልጊዜ የሚሄደው ወደ ሴቷ ነው። በ1977 በካሊፎርኒያ፣ በላትሮፕ፣ ዲቢሲፒ የሚባል ፀረ ተባይ የሚያመርቱ ወንዶች እርስ በርሳቸው ሲያወሩ ከመካከላቸው ልጅ የሚወልድ እየጠፋ መሆኑን አስተዋሉ። ራሳቸው ምርመራ ጠየቁ። ብዙዎቹ የወንድ ዘር ፍሬያቸው እጅግ አንሶ፣ የአንዳንዶቹም ጨርሶ ጠፍቶ ተገኘ። መርዙ የእንስሳትን የዘር ፍሬ እንደሚያመነምን ግን በ1961 ታትሞ ነበር። ኩላሊታቸውንም ይጎዳል። ጅብ ካለፈ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። እነዚያ ወንዶች በምሳ ሰዓት አፍ አውጥተው ባይነጋገሩ፣ እያንዳንዱ ቤቱ ገብቶ ሚስቱን መካን ሲል ይኖር ነበር።

ሳሎኑ

እህቴ ክሬሙን ያን ቀን አቆመች። የትራስ ልብሱን፣ ፎጣውን፣ ሁሉንም ለይተን አወጣን። ብልቃጡን በፕላስቲክ ጠቅልለን ለዶክተሯ ወሰድንላቸው። ውሃ የሚቀንስ ኪኒን፣ ኢናላፕሪል፣ ጨው የሌለው ወጥ። እናታችን ጨው የሌለው ሽሮ ስትሠራ ማየት ራሱን የቻለ ሐዘን ነበር። በየወሩ ሽንቷን እኔ እመረምራለሁ። አራት ፕላስ። አራት ፕላስ። ሦስተኛው ወር ላይ ሦስት። ከዚያ ደግሞ ሦስት፤ ያን ቀን ሁለታችንም ተጣላን፣ ያለምክንያት። አሥራ አንደኛው ወር ላይ ወረቀቱ ቢጫ ሆኖ ቀረ። ፊቷ በመሃሉ ተመልሶ ጠየመ፤ ማድያቱም ከበፊቱ ብሶ ወጣ። ባሏ ምን እንዳላት ጠየቅኳት። "ይሄንን ነው መጀመሪያ ያየሁት" አለኝ አለችኝ።

ፀጉር ቤቱ ጋ የሄድኩት ገና ሦስት ፕላስ ላይ እያለች ነው። ልጣላ ነበር የሄድኩት። መንገድ ላይ የምናገረውን ሳጠና ነው የደረስኩት።

ከመጋረጃ ጀርባ ጠባብ ክፍል አለ። መስኮት የለውም። አንዲት ልጅ እግር ሴት ፕላስቲክ ሳህን ውስጥ ነጭ ነገር ታማስላለች። በማንኪያ ጀምራ በእጇ ትጨርሰዋለች። ጓንት የላትም። ጀርባዋ ላይ ሕፃን አዝላለች፤ ተኝቷል። ፊቷ እንደ እህቴ ፊት በርቷል። የጣቶቿ አንጓዎች ጥቁር ናቸው።

ያጠናሁት ሁሉ ጠፋኝ። ዶክተሯ የእህቴን እጅ እንደያዙ ዝም ያሉባት ደቂቃ ትዝ አለችኝ። ወንበር ስባ ሰጠችኝና ተቀመጥኩ። ሳህኑን ወደ ጎን እንድታደርገው ለመንኳት። የእህቴን ነገር ነገርኳት፤ ስለ እብጠቱ፣ ስለ ቀለበቱ። መጀመሪያ "እኔ ራሴ የምቀባው ነው፣ እዩኝ" አለችኝ። ለመከራከር ነበር የተናገረችው። ከአፏ ሲወጣ ግን እሷም ሰማችው መሰለኝ።

"ጠዋት ስትነሺ ዓይንሽ ሥር ያብጣል?" አልኳት።

አልመለሰችልኝም። በሳምንቱ ሰኞ ላብራቶሪው መስኮት ላይ ቆማ አየኋት፤ ልጁን እንዳዘለች። ኩባያ ሰጠኋት። ስትመልስልኝ አረፋው አፉ ላይ ነበር። ስትሪፑን ነከርኩ፣ ሰዓቴን አየሁ። ሁለት ፕላስ። የዶክተሯን ስምና ክፍል ቁጥር በወረቀት ጽፌ፣ እንዳትከፍል ለካርድ የሚሆነውን ከራሴ ሰጥቼ፣ ከዛሬ ጀምሮ እንዳትነካው ነገርኳት።

ወረቀቱን ተቀብላ አጣጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። መሄድ ጀምራ ቆመች። ዞር ብላ በእጇ ጀርባዋ ላይ ያለውን ትንሽ ራስ ነካችና፣

"ልጁስ?" አለችኝ።